ሻምፔይን-ኧርባና ወይስ ሳቮይ? ለአዲስ ገቢ ከቤት ፍለጋ እስከ እንጀራ ምጣድ

በየአመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቪዛው ተመትቶ ትኬት ሊቆረጥ ሲል "ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል፣ ቤት የት ልከራይ?" የሚል መልእክት ይደርሰኛል፣ እኔም ያንኑ ነገር ቆራርጬ በቮይስ ስመልስ ነው የኖርኩት፣ ዘንድሮ ግን ቁጭ ብዬ ሁሉንም በአንዴ ልጻፈው አልኩ። እዚህ ሰባት አመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን አመት ሳቮይ ያለመኪና ኖርኩ፣ ከዛ ሶስት አመት ኧርባና፣ አሁን ደግሞ ከነቤተሰቤ ተመልሼ ሳቮይ ነኝ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ከተማው (ሻምፔይን-ኧርባና) የሚኖረው በዩኒቨርሲቲው ካላንደር ነው፣ መንደሩ (ሳቮይ) የሚኖረው በመኪና ነው። ቤት ስትመርጡም፣ አውቶብስ ስትጠብቁም፣ ሶፋ ስትገዙም፣ ዞሮ ዞሮ ነገሩ ከነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ ይመለሳል። ይሄን ሳያውቅ የኪራይ ዋጋ ብቻ አይቶ የፈረመ ሰው የመጀመሪያውን ዊንተር ይሰቃያል፣ እኔም ተሰቃይቻለሁ።

(ዊንተር የምለው የኛ ክረምት ከዝናቡ ጋር እንዳይምታታባችሁ ብዬ ነው።)

ደረጃ 1፦ ካርታውን እወቁት

ሰው "ሻምፔይን" ሲል አንድ ከተማ ይመስላል። ሁለት ነው፣ ሻምፔይንና ኧርባና፣ ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት የትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ መሀላቸው ተዘርግቶ ተቀምጧል። ካምፓስ ውስጥ ራይት ስትሪትን ስትሻገሩ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ገባችሁ ማለት ነው። ይሄ የሆነው በባቡር ነው። በ1854 የኢሊኖይ ሴንትራል ሀዲድ ሲዘረጋ ኧርባናን ትቶ በስተምእራብ ሁለት ማይል ያህል ርቆ አለፈ፣ ሀዲዱን ተከትሎ ሌላ ሰፈር በቀለ፣ እሱ አድጎ ሻምፔይን ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በ1867 ነው የተቋቋመው፣ አሁን ተማሪው ብቻ ከ50,000 በላይ ነው። በ2020 ቆጠራ ሻምፔይን ወደ 88,000፣ ኧርባና ወደ 38,000 ሰው ነበራቸው፣ እንግዲህ ተማሪው ጥሎ ሲሄድ ከተማው ለምን ጭር እንደሚል ከቁጥሩ ይገባችኋል።

ሳቮይ ከሻምፔይን በስተደቡብ ተያይዛ ያለች፣ 9,000 ሰው የማይሞላባት ቪሌጅ ናት። ቪሌጅ ሲባል የሳር ጎጆና የከብት በረት እንዳታስቡ፣ በኢሊኖይ ህግ ቪሌጅ ማለት የራሱ ፕሬዝዳንትና ቦርድ ያለው ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሳቮይ ትልቅ ዋልማርት አላት፣ የዩኒቨርሲቲው የሆነው ዊላርድ አየር ማረፊያም እዛው ነው፣ የራሷ ፖሊስ ግን የላትም፣ ከካውንቲው ሸሪፍ ጋር ተዋውላ ነው የምትጠበቀው። ከመኖሪያ ቤቶቹ ጀርባ ትንሽ ከሄዳችሁ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ አይናችሁ እስከሚያይበት ድረስ ሜዳ። የበቆሎ ክብር እዚህ ሀገር ትልቅ ነው። ካምፓሱ መሀል ላይ ከ1876 ጀምሮ የሚታረስ ሞሮው ፕሎትስ የሚባል መሬት አለ፣ በ1960ዎቹ አጠገቡ ላይብረሪ ሲሰራ ጥላው በቆሎው ላይ እንዳያርፍ ተብሎ ህንጻው ከመሬት በታች ነው የተቀበረው። ስትመጡ ሄዳችሁ እዩት፣ የገበሬ ልጅ የሆነ ሰው ልቡ ይነካል።

ደረጃ 2፦ ማን የት ይኑር

ብቻውን ለሚመጣና መኪና ለሌለው ሰው መልሴ አንድ ነው፣ የመጀመሪያውን አመት ካምፓስ አጠገብ፣ ከተቻለ በኧርባና በኩል። ግሪን ስትሪት ላይ በሻምፔይን በኩል ያሉት ረጃጅም ህንጻዎች ለክፍል ቅርብ ናቸው ግን ውድ ናቸው፣ ሀሙስ አርብ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጩኸቱ አያስተኛም፣ ፒኤችዲ የሚሰራ ሰው ያንን አይችለውም። ኧርባና ዛፍ ይበዛዋል፣ አሮጌ ቤት ይበዛዋል፣ ጸጥ ይላል፣ በእግር ክፍል ይደረሳል።

ልጅ ይዞ ለሚመጣና መኪና ለመግዛት ላሰበ ደግሞ ሳቮይ ጥሩ ነው። ቤቱ ሰፊና አዲስ ነው፣ ልብስ ማጠቢያው እዛው ቤት ውስጥ ነው፣ ልጅ ውጪ ይጫወታል። የሳቮይ ልጆች የሚማሩት በሻምፔይን የትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ዩኒት ፎር በሚባለው ስር ነው፣ ግን በሩ ላይ ያለው ትምህርት ቤት በቀጥታ ይደርሰዋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ ቤት ከመፈረማችሁ በፊት ወደ አስተዳደሩ ደውላችሁ ምዝገባና ምደባ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ።

ሳቮይ ያለመኪና ግን አትግቡ። ኪራዩ መቶ ምናምን ዶላር ስለቀነሰ ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት። አንድ እሁድ ማታ ኖቬምበር ላይ ከላብራቶሪ ወጥቼ ሁልጊዜ የምይዘውን የአውቶብስ ቁጥር ቆሜ ስጠብቅ፣ ጣቶቼ ጓንት ውስጥ ደንዝዘው ስልኬን መንካት አቃተኝ፣ አርባ ደቂቃ ሲያልፍ ነው አንዲት ተማሪ "ያ ቁጥር እሁድ አይሰራም እኮ" ያለችኝ። በዛ ላይ አጠራቀምኩ ያልኩት ብር በኡበር አለቀ፣ ሂሳቡን በማርች ላይ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ኧርባና ብኖር ይሻለኝ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ከመፈረም በፊት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የካምፓስ ሊዝ የሚጀምረው ኦገስት አጋማሽ ገደማ ነው፣ የሚያልቀውም በሚቀጥለው ኦገስት፣ ልክ እንደ ትምህርቱ። ጥሩ ጥሩው ቤት ደግሞ አስር ወር ገደማ ቀድሞ ኦክቶበር ኖቬምበር ላይ መፈረም ይጀምራል፣ አዲስ የገባ ሰው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ "ለሚቀጥለው አመት ታድሳለህ ወይ" የሚል ኢሜይል ይመጣለታል። አትደናገጡ፣ ቤት አያልቅም፣ ያስቸኮሏችሁ ሰዎች ስራቸው ስለሆነ ነው። ግን ዝም ብላችሁም አትቀመጡ፣ እስከ ዲሴምበር ድረስ እየዞራችሁ እዩ።

ሁለተኛ፣ የሚያልቅበትንና የሚጀምርበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡት። የድሮው ሊዝ በዚህ ቀን ጠዋት ውጡ ይላል፣ አዲሱ ከሳምንት በኋላ ግቡ ይላል፣ መሀል ላይ ያሉት ቀናት የማንም አይደሉም። እኔ ዘጠኝ ቀን ሰው ሳሎን ወለል ላይ ተኝቻለሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን በርበሬና ቅቤ ሳይቀር ለሶስት ቤት አከፋፍዬ። ከመፈረማችሁ በፊት "ቀድሜ መግባት እችላለሁ ወይ፣ በቀን ስንት ነው" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በኢሜይል አስጽፉ።

ሶስተኛ፣ ከሩምሜት ጋር ከሆናችሁ ሊዙ የጋራ ነው ወይስ የየግል? የጋራ ከሆነ አንዱ ትምህርት አቋርጦ ቢሄድ የእሱን ድርሻ እናንተ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። በአልጋ የሚከራይ የየግል ሊዝም አለ፣ ለማታውቁት ሰው ዋስ ከመሆን እሱ ይሻላል።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ኦፍ ካምፐስ ኮሚዩኒቲ ሊቪንግ የሚባል ቢሮ አለው፣ ሊዛችሁን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቦ ይመክራችኋል፣ ተማሪ ናችሁና ተጠቀሙበት። ገና አዲስ አበባ ሆናችሁም ኢሜይል ልትልኩላቸው ትችላላችሁ። ቤቱን ሳታዩ፣ ፌስቡክ ላይ ላገኛችሁት ሰው በዝውውር ብር እንዳትልኩ፣ ይሄን በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ፣ ቤተሰብ በእቁብ ያዋጣውን ብር በዚህ የተበላ ልጅ አውቃለሁ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ቁልፍ እንደተቀበላችሁ ሻንጣ ሳታስገቡ ስልክ አውጥታችሁ ቪድዮ ቅረጹ። ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ የኦቨኑን ውስጥ፣ የመታጠቢያውን ስር፣ የመስኮቱን መከለያ፣ እያንዳንዱን ጭረት። ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት ቀኑ እንዲመዘገብ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መብራትና ጋዝ አሜረን የሚባል ኩባንያ ነው፣ ሊዙ ላይ የእናንተ ነው ካለ ከመግባታችሁ በፊት በስማችሁ አስከፍቱ። ዊንተር ላይ ቢሉ ሲቆለል እንዳትደነግጡ በጀት ቢሊንግ የሚባል አለ፣ የአመቱን አማካይ አውጥቶ በየወሩ ተመሳሳይ ያስከፍላችኋል።

እቃ አዲስ አትግዙ። ሜይ ላይ ተማሪው ሲወጣ ያልፈለገውን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ዋይኤምሲኤ ያንን ሰብስቦ ኦገስት ላይ ደምፕ ኤንድ ረን በሚባል ሽያጭ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ድስት፣ ብስክሌት፣ የማይገኝ የለም። ቀኑን ቀድማችሁ እዩና በጠዋት ሄዳችሁ ተሰለፉ። ፍራሽ ብቻ ከመንገድ ላይ አታንሱ፣ ትኋን ይዞ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ከሆናችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የምታገኙት ስራ ካገኛችሁ ነው፣ ሴሚስተር ላይ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። ከካምፓስ ውጪ "ካሽ እከፍልሃለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሀበሻም ቢሆን፣ እምቢ በሉ፣ ስታተሳችሁን ለሁለት መቶ ዶላር አታስይዙ።

ለህመም ተማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ማኪንሊ ነው የሚኬደው፣ ለጉንፋን ኢመርጀንሲ አትሂዱ፣ ቢሉ ያሳምማችኋል። ኢንሹራንስ የሌለው ወላጅ ወይም ቤተሰብ ካላችሁ ሻምፔይን ውስጥ ፍራንሲስ ኔልሰን የሚባል የጤና ጣቢያ አለ፣ እንደ ገቢያችሁ ነው የሚያስከፍለው።

ደረጃ 5፦ አውቶብስና መኪና

የዚህ ከተማ አውቶብስ፣ ኤምቲዲ ይባላል፣ ከከተማው ስፋት አንጻር ሲታይ እውነት ለመናገር በጣም ጥሩ ነው። ተማሪ አይካርዱን (የዩኒቨርሲቲ መታወቂያውን) አሳይቶ በነጻ ነው የሚሄደው፣ በትምህርት ክፍያችሁ ላይ ተከፍሏልና። ሌላው ሰው 1 ዶላር ይከፍላል። መስመሮቹ ቁጥርና የቀለም ስም አላቸው፣ እና ዋናው ሚስጥር ይሄ ነው፦ ማታና ቅዳሜና እሁድ አብዛኛው ቁጥር ላይ ዜሮ ይጨመራል። ቀን 5 ግሪን የነበረው ማታ 50 ይሆናል፣ 22 ኢሊናይ 220 ይሆናል፣ የሚሄድበት መንገድም ልክ እንደ ቀኑ ላይሆን ይችላል። እኔን ያን እሁድ ማታ ያስቀረኝ ይሄው ዜሮ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ደግሞ፣ ለታንክስጊቪንግ ሙሉ ሳምንት ይዘጋል፣ ለገናም፣ ለሰመርም፣ አውቶብሱ ይቀንሳል። ቤት ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን አድራሻ አስገብታችሁ የእሁድ ማታውንና የብሬክ ጊዜውን ፕሮግራም እዩ፣ የሰኞ ጠዋቱን ሁሉም ያሳያችኋል።

መኪና ስትገዙ፣ እዚህ ዲኤምቪ የሚባል ነገር የለም፣ መንጃ ፈቃድም ታርጋም በሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ስር ነው። የጽሁፍ ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፣ 28 ማለፊያ። መጽሀፉን በነጻ አውርዳችሁ ሁለት ቀን ብታነቡት ትመልሱታላችሁ፣ ብዙ ሀበሻ የሚወድቀው መንዳቱ ላይ ነው፣ በተለይ ስቶፕ ምልክት ላይ ቀስ ብሎ ማለፍ። ጎማው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት፣ መኪናው ወደ ኋላ ትንሽ ሲመለስ እስኪሰማችሁ ድረስ። ያለ ኢንሹራንስ አንድ ቀንም አትንዱ።

ከሳቮይ ወደ ካምፓስ ስትመላለሱ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ያለበት ቅዳሜ መቼ መቼ እንደሆነ በሴፕቴምበር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በዛ ቀን ስታዲየሙ አካባቢ መንገዱ ይሞላል፣ ፓርኪንግ ይዘጋል፣ ሁልጊዜ የምታቆሙበት ቦታ ላይ ካቆማችሁ መኪናችሁ ሊጎተት ይችላል።

ደረጃ 6፦ ዊንተር

ካፖርት ከአዲስ አበባ አታምጡ፣ እዛ "ወፍራም" የሚባለው እዚህ ለኦክቶበር ነው የሚሆነው። ለሻንጣው ቦታ በርበሬና ሽሮ ይሻላል። (ቋንጣ ግን አትያዙ፣ ስጋ አይገባም፣ ከያዛችሁትም ምግብ ሁሉ ዲክሌር አድርጉ።) እዚህ መጥታችሁ ውሀና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ከውስጥ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ቦት ግዙ። የጥጥ ካልሲ አትልበሱ፣ አንዴ ከረጠበ እግር ያቀዘቅዛል።

ብርዱ ራሱ ሳይሆን ንፋሱ ነው የሚገርፈው፣ መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ የሚያግደው ተራራ የለም። በጃንዋሪ 2019 ቺካጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፣ እዚህም ትምህርት ተዘግቷል። እንደዛ ያለ ቀን ሲመጣ የቧንቧውን ውሀ በቀጭኑ አንጠባጥቡት፣ የእቃ ማጠቢያውን ስር ካቢኔት በር ክፈቱ፣ ካልሆነ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሀ በርዶ ይፈነዳል። ለገና ቺካጎ ወይም ዲሲ ስትሄዱ ሂተሩን ዝቅ አድርጉት እንጂ አታጥፉት፣ ሊዙ ላይም ከስንት በታች እንዳይወርድ ተጽፏል።

ሳቮይ ላላችሁ፣ በረዶው ከቆመ በኋላም ንፋሱ ከማሳው ላይ አንስቶ መንገዱ ላይ ያለብሰዋል፣ በተለይ ወደ ቶሎኖ የሚወስደው ሩት 45 ላይ ፊት ለፊት ያለው መኪና በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ቤንዚን ከግማሽ በታች አታድርጉ፣ ብርድ ልብስና አካፋ ከመኪናው ኋላ እቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጡ።

ጨለማውን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ዲሴምበር ላይ በነሱ 4፡30፣ በኛ ገና አስር ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል። ላብራቶሪ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ ጨለማ፣ ነገም ጨለማ፣ ሰው ሆዱ ይባባል፣ እንቅልፍ ያበዛል። ይሄ የሁሉም ሰው ነው፣ የእናንተ ድክመት አይደለም። ቀን ላይ ሀያ ደቂቃ ውጡ፣ ዩኒቨርሲቲው የካውንስሊንግ ማእከል አለው ሂዱ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቅዳሜ ቡና የሚያፈላ ቤት ፈልጉ። ጥቂት ነን እንጂ አለን፣ አንድ ሰው ካገኛችሁ ሁሉም ይገኛል።

ደረጃ 7፦ ሳይረን ሲጮህ

በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት በነሱ 10 ሰዓት ከተማው ሁሉ በሳይረን ይጮሃል፣ ጦርነት የተነሳ ነው የሚመስለው፣ ከሀገር በቅርብ የወጣ ሰው ልቡ ይደነግጣል። የቶርኔዶ ሳይረን ፈተና ነው፣ ወዲያው ያቆማል። በሌላ ቀን በሌላ ሰዓት ከጮኸ ግን እውነት ነው። ዋች ማለት ሊመጣ ይችላል፣ ዎርኒንግ ማለት መጥቷል አሁኑኑ ግቡ ማለት ነው። ቤዝመንት ካለ ቤዝመንት፣ ከሌለ የታችኛው ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ወይም ቁምሳጥን፣ ጫማ አድርጋችሁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ፣ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ። "ወጥቼ ልቅረጸው" አይባልም። በኖቬምበር 17፣ 2013 እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ጊፈርድ የምትባል ቪሌጅን ቶርኔዶ መትቷት ብዙ ቤት አፍርሷል፣ ኖቬምበር መሆኑን ልብ በሉ፣ ስፕሪንግ ላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ቤት ስታዩ "ሳይረን ሲጮህ የት ነው የምገባው?" ብላችሁ አከራዩን ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ እንጀራና ወጥ

ይሄን ክፍል በደስታ ነው የምጽፈው።

የጤፍ ዱቄት በኦንላይን ታገኛላችሁ፣ አይዳሆ የሚበቅለው ጤፍ ነጭም ቀይም አለው፣ ቺካጎ የሄደ ሰው ካለ ደግሞ በኩንታል ቢሆን አስመጡ። ምጣዱን በተመለከተ፣ ሚድዌስት ውስጥ መኖር ጥቅም አለው፣ ኖርዌጂያኖች ለፍሰ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፣ ቤታኒ ሄሪቴጅ ግሪል ይባላል፣ እዚሁ ጎረቤት አዮዋ ክሬስኮ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ 16 ኢንች ስፋት አለው፣ ለእንጀራ የተሰራ ነው የሚመስለው። አክንባሎ ስለሌለው ሰፊ የአሉሚኒየም ክዳን ግዙለት። ከማይክሮዌቭ ጋር በአንድ መስመር አትሰኩት፣ ብሬከር ይወርዳል።

ዊንተር ላይ ሊጡ አልቦካ ካላችሁ ቤታችሁ ቀዝቅዞ ነው። ለብ ባለ ውሀ አቡኩት፣ እርሾ ጨምሩበት፣ ከዛ ኦቨኑን ሳትለኩሱ የውስጡን መብራት ብቻ አብርታችሁ እዛ ውስጥ አሳድሩት፣ አምፖሉ የምትሰጠው ሙቀት ትበቃዋለች። በሶስተኛው ቀን ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሀ ድፉ፣ አብሲት ጣሉበት፣ ኩፍ ሲል ጋግሩ። ኦቨኑ በር ላይ "ሊጥ አለ" ብላችሁ ወረቀት ለጥፉ፣ ሩምሜት ፒዛ ሊያሞቅ 400 ዲግሪ ላይ ከፍቶት ሊጣችንን ከነፕላስቲኩ አቅልጦታል።

ሽንኩርት ስታቁላሉና ቡና ስትቆሉ የጭስ ማንቂያውን አስቡት። በትልቅ ህንጻ ውስጥ ከጮኸ ሁሉም ሰው በሌሊት ልብሱ በረዶ ላይ ይወጣል፣ እሳት አደጋ ይመጣል። መስኮት ከፍታችሁ፣ ፋኑን ወደ ውጪ አዙራችሁ ቁሉ። ማንቂያውን በፌስታል መሸፈን በሊዙም የሚያስቀጣ ነው፣ ለህይወትም አደገኛ ነው። ሳቮይ ቤት ያላችሁ ጓሮ ወጥታችሁ ቁሉ፣ የኔ ጎረቤት አዛውንት ሽታው ስቧቸው አጥር ጋ መጥተው ቆመው ነው የተዋወቅነው፣ አሁን የሶስተኛውን ስኒ ሳይጠጡ አይሄዱም።

ስጋ ለሚፈልግ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የስጋ መሸጫ ክፍል አለው፣ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች የሚማሩበት፣ ለማንም ይሸጣል፣ የሚከፈትበትን ቀን አይታችሁ ሂዱ። ጎመን ደግሞ ከሜይ እስከ ኦክቶበር በየቅዳሜው ጠዋት ኧርባና ሊንከን ስኩዌር መኪና ማቆሚያ ላይ በሚዘረጋው ገበያ ታገኛላችሁ፣ ኮላርድ ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠል ያለበት ትኩስ ጎመን፣ ከማሳው የነቀለው ገበሬ ራሱ ነው የሚያስረክባችሁ።

ደረጃ 9፦ የመንደሩ ወግ

ሳቮይ ስትገቡ ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ እጁን ያወዛውዝላችኋል፣ እናንተም አወዛውዙ፣ ሰላምታ ነው፣ ዝም ብሎ ማለፍ እንደ ኩራት ይታያል። የቤት ኪራይ ሊዛችሁ ላይ ሳሩን የሚያጭደውና በረዶውን የሚጠርገው ማን እንደሆነ እዩ፣ እናንተ ከሆናችሁ ሳሩ ሳያድግ እጨዱ፣ ካደገ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ በቆሎው ሲሰበሰብ ኮምባይነሮቹ እስከ ሌሊት ይሰራሉ፣ አቧራው ይነሳል፣ አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ መስኮት ዝጉ። መንገድ ላይ ኮምባይነር ከፊታችሁ ከሄደ ጥሩምባ አታሰሙ፣ ታግሳችሁ ተከተሉ፣ ሰውየው የአመት ልፋቱን ነው የሚሰበስበው፣ እኛም ከእንደዛው ሀገር ነው የመጣነው።

ደረጃ 10፦ ቺካጎ መውጣት

135 ማይል ያህል ነው፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። ባቡር በቀን ሶስት ጊዜ ከሻምፔይን ኢሊኖይ ተርሚናል ይነሳል፣ ሀዲዱ የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ይዘገያል፣ ስለዚህ ኤርፖርት የምትሄዱ ከሆነ በጣም ቀድማችሁ ውጡ ወይም በቀጥታ ኦሄር የሚወስደውን አውቶብስ ያዙ። ለታንክስጊቪንግ ሳምንት ትኬቱን ሴፕቴምበር ላይ ቁረጡ። ቤተክርስቲያን፣ የሀበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ሰሜን ቺካጎ ኤጅዋተር ብሮድዌይ አካባቢ ፈልጉ። ለፋሲካ አምስት ስድስት ሰው ሆነን በአንድ መኪና እንሄዳለን፣ ሌሊቱን ቅዳሴ፣ ንጋት ላይ ዶሮ ወጥ፣ ከሰአት መልስ፣ የሚነዳው ሰው ብቻ ቀድሞ ይተኛል።

ደረጃ 11፦ ስትወጡ

ያ የመጀመሪያ ቀን ቪድዮ አሁን ነው የሚያስፈልገው። ኧርባና የነበረኝን ቤት ስለቅ አከራዩ ለምንጣፍ ጽዳትና ለኦቨን ብሎ ዲፖዚቴን (ስገባ ያስያዝኩትን ብር) አስቀረብኝ፣ ምንጣፉ ላይ ያለው እድፍ እኔ ስገባም ነበር። ቪድዮውን ከነቀኑ ላክሁ፣ አብሮም የኢሊኖይን ህግ ጠቀስኩ፦ አምስትና ከዛ በላይ ቤት ባለው ህንጻ ላይ አከራዩ ቆርጦ የሚያስቀር ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ በዝርዝር ማሳወቅ አለበት፣ የሚቆርጠው ከሌለ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ቼኩ መጣ። እናንተም ስትወጡ እንደገና ቅረጹ፣ ቁልፉን ስትመልሱ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ አዲሱን አድራሻችሁን በጽሁፍ ስጧቸው፣ 45ኛውን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ቀኑ ካለፈና ካልመጣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች የህግ አገልግሎት ቢሮ ሊዙን፣ ሁለቱን ቪድዮና ኢሜይሎቹን ይዛችሁ ሂዱ።